አውቶሞቢልን ዝቅ ስለ ማድረግ፤ ለቤተ ሰብ አባቶች የሚሆን ምክር

ወጣቶች በግቢያቸው ውስጥ አሮጌውን አውቶሞቢል በክሪክ እያነሡ፤ ሞላውን በአጭር ሞላ ለውጠው ቁመቱን ዝቅ የማድረግ ምኞት አላቸው። ምኞቱ ከንቱ ነው ተብሎ አይናቅም፤ በልክ የተሠራ አጭር ሞላ የመኪናውን ክብደት ወደ መሬት ስለሚያቀርበው፤ በጥሩ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ማዘንበሉን ይቀንሳል። ስለዚህ አባት ልጁን በቁጣ ከሚመልሰው ይልቅ ምክንያቱን ቢያስረዳው ይሻላል።

አስቀድሞ የሚመረመረው አገሩ ነው። በጋምቤላ ከተማ በኒውላንድ ለሚኖር ሰው የባሮ ነገር አይረሳም። በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ከተደረገው ውል በኋላ፤ የንግድ መርከቦች ከሱዳን እስከ ጋምቤላ ይወጡ የነበረው ባሮ በክረምት ሲሞላ ነው። ነገር ግን ለመርከብ መንገድ የሆነው ውኃ ለአውቶሞቢል እንቅፋት ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮ ሞልቶ ወደ ከተማይቱ በገባ ጊዜ ይህ በግልጥ ታይቷል። በእንዲህ ያለ ወራት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። ዝቅ ያለው ግን የዘይት ኮፓው በድንጋይ ይመታል፤ ውኃውም ቶሎ ወደ ሞተሩ ይደርሳል።

ሁለተኛው የሚመረመረው ሥራው ነው። አንዳንዶች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ነባሩን ሞላ ይቆርጡታል። 8 ጥምዝ ካለው ሞላ 2ቱ ቢቆረጡ፤ የቀረው ግትርነቱ በሲሶ ይጨምራል፤ አሞርቲዛተሩም ሊይዘው አይችልም። በእሳት አሙቆ ዝቅ ማድረግ ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋል።

ከሁሉ የሚከፋው የሰው ጉዳት ነው። በአሮጌው ቶዮታ ኮሮላ የፊተኛው ሞላ በአሞርቲዛተሩ ዙሪያ ተጨምቆ ተቀምጧል። በሞላ መጭመቂያ ሳያስሩ የላዩን ዳዶ ቢፈቱት፤ ሞላው ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል፤ እጅ ይሰብራል። ክሪክም ለማንሣት እንጂ ተሸክሞ ለማቆየት አልተሠራም፤ በረጠበ አፈር ላይም ይሰምጣል። ስለዚህ በሲሚንቶ ወለል ላይ፤ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ሳይደገፍ ማንም ከመኪና በታች አይግባ። ሥራው ካለቀ በኋላም የጎማዎቹ አቀማመጥ በባለሙያ ካልተስተካከለ፤ ጎማው በአንድ ወገን ተበልቶ ያልቃል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፤ አሮጌው መኪና በቀላሉ የማይተካ የቤተ ሰብ ሀብት ሆኗል። እንግዲህ ልጅዎ እጁን በሥራ ሊፈትን ቢወድ፤ ያረጀውን ሞላና አሞርቲዛተር በነባሩ ቁመት፤ ግራና ቀኙን አንድነት፤ ከአዋቂ መካኒክ አጠገብ ሆኖ ይለውጥ። ጥበቡን ይማራል፤ መኪናውም ከነቁመቱ ለክረምት ይተርፋል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና፤ ለጌጥ ተብሎ የቤት መድኅን አይበላሽ።