ዳዊት ሳይደግሙ ቅኔ ቤት!

ለመሆኑ በዚህ አገር አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ በየትኛው ሴሚስተር ምን መማር እንዳለበት የሚወስነው ማነው? ተማሪው ነው እንዳትሉኝ። ተማሪውማ ዩኒቨርሲቲውን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ መድቦለት፣ ዲፓርትመንቱን በነጥብ ተወዳድሮ ከደረሰው በኋላ የኮርስ ዝርዝሩ እንደ ቀበሌ ራሽን ይታደለዋል። መምህሩ ነው እንዳትሉኝም። መምህሩ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይኼ ኮርስ ከዚያኛው መቅደም ነበረበት» ቢል፣ መልሱ «ካሪኩለሙ አገር አቀፍ ነው፤ እኛ አንነካውም» የሚል ነው። ይህንን ከአንድ ሳይሆን ከሦስት መምህራን አፍ ሰምቻለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የኮምፒዩተር ሰዎች የጓዳ ጣጣ ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ገንዘባችሁ ያለው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። መታወቂያችሁም «ፋይዳ» ተብሎ እዚያው እየገባ ነው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን አትረሱትም። ሲስተሙን በማሻሻል ሥራ ላይ በተፈጠረ ችግር ሰው በሒሳቡ የሌለውን ብር ማውጣት ቻለ። ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ ከተሰለፉት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ በኋላ የጎደለውን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ፤ አብዛኛውንም አስመለስኩ አለ። ጥፋቱን የአገር ቤት ምሩቅ ሠራው አላልኩም። ግን ከሒሳብ ሳይቀነስ ብር ከማሽኑ እንዳይወጣ የሚያደርገው ዕውቀት በዳታቤዝ ኮርስ ውስጥ «ትራንዛክሽን» በሚባለው ምዕራፍ ላይ ነው ያለው፤ ወይ ሁለቱም ይሆናል፣ ወይ አንዱም አይሆንም። ያንን ምዕራፍ ነገ ባንካችሁን የሚይዘው ልጅ መቼ፣ በምን መሠረት ላይ ቆሞ ይማረዋል? ይኼ የባለ ደብተሩ ሁሉ ጥያቄ ነው።

አንዲት ዘመዴ ከምትማርበት የክልል ዩኒቨርሲቲ ይዛልኝ የመጣችው የኮርስ ዝርዝር እነሆ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንደኛ ዓመት እንዳለ የጋራ ኮርስ ነው። ሎጂክ አለ፣ ሳይኮሎጂ አለ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሥነ ዜጋ፣ የአካል ብቃት ሳይቀር አለ። እነዚህን አልጠላም። ታሪክ ያላነበበ ኢንጂነር እኔንም ያስፈራኛል። የሚያናድደኝ ሌላው ነው። «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ» የሚባል ኮርስ አለ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የነገሮች ኢንተርኔት፣ ኦግመንትድ ሪያሊቲ... ምኑ ቅጡ! ልጅቷ የኦግመንትድ ሪያሊቲን ትርጓሜ በቃሏ ትወጣላችኋለች። አሥር ቁጥሮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚደረድር ፕሮግራም ጻፊ ብትባል ግን የት እንደሚጻፍም ገና አላየችም። በዚህ ዝርዝር ላይ ፕሮግራሚንግ የሚጀምረው ሁለተኛ ዓመት ነውና!

የእኛ አባቶች ይህንን ስህተት አልሠሩም። የቆሎ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ሀሁ ብሎ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ መልእክተ ዮሐንስን ቆጥሮ ዳዊት ይደግማል። ዜማ ቤትና ቅኔ ቤት ከዚያ በኋላ ናቸው። የኔታ «ሴሚስተሩ አልቋልና እለፍ» አይሉም። ያልበሰለውን «ቀለሙ አልገባህም፤ መልሰህ በል» ብለው ያስቀምጡታል። እነ የኔታ ሚኒስቴር አልነበራቸውም፤ ቅደም ተከተል ግን ያውቁ ነበር።

ኮምፒዩተር ሳይንስም የራሱ ፊደልና የራሱ ዳዊት አለው። ፊደሉ ፕሮግራሚንግና «ዲስክሪት ማቴማቲክስ» የሚባለው ሒሳብ ነው። በሒሳቡ ኢንዳክሽንን ያልተማረ ልጅ፣ በፕሮግራሙ ራሷን መልሳ የምትጠራ ፈንክሽን ስታጋጥመው አስማት ትመስለዋለች፤ ሁለቱ በመሠረቱ አንድ ሐሳብ ናቸውና። ያንን ይዞ ወደ ዳታ ስትራክቸር፣ ከዚያ ወደ አልጎሪዝም፣ ከዚያ ወደ አውቶማታ፣ ከአውቶማታ ወደ ኮምፓይለር ይሄዳል። በዘመዴ ዝርዝር ላይ ግን ዲስክሪት ሒሳቡና ዳታ ስትራክቸሩ በአንድ ሴሚስተር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የዳታ ስትራክቸር መምህሩ በሦስተኛው ሳምንት የሚፈልገውን ነገር የሒሳብ መምህሩ በአሥረኛው ሳምንት ይደርስበታል። ላቡን ደግሞ ተዉት! ተማሪው ኮምፒዩተሩን በተራ ነው የሚነካው። መብራት ሲሄድ ኮድ ነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ፈተናውም ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ደግሞ ስህተት ነህ ብሎ አይመልስም።

ምርጫ የለም ወይ? አለ እንጂ! ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ «ኢሌክቲቭ» የሚል ተጽፏል፤ ከሥሩም የኮርስ ስሞች ተደርድረዋል። ነገር ግን መምህር የተገኘለት አንዱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ያንን «ይመርጣል»። ወረቀቱ ላይ ስሙ ብዙ፣ የሚያሸንፈው አንድ። ይኼ ዓይነቱ ምርጫ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

ይህ ሁሉ ዝርክርክነት ከየት መጣ ቢባል ከላይ ነው መልሱ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ «ፍሬሽማን አያስፈልግም፣ መሰናዶ ይተካዋል» ተብሎ አብዛኛው የአራት ዓመት ዲግሪ ወደ ሦስት ተቆረጠ። መምህራን ጮኹ፤ ማን ሰምቷቸው! በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ «ሰባ ሠላሳ» መጣና ከመቶ ተማሪ ሰባው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። ላብራቶሪው ሳይገነባ ተማሪው ጎረፈ። ቀጥሎ «ሞጁላር» ተባለና የሴሚስተር ኮርስ በጥቂት ሳምንት እየታጨቀ በብሎክ መሰጠት ጀመረ፤ ተማሪውም አንድ ለአምስት ተደራጀ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ! ተቆርጦ የነበረው ዓመት ትክክል ነበር ማለት ነው። እንግዲያው በመሃል የተቀለደባቸውን ልጆች ማን ይካሳቸው? ይቅርታ የጠየቀ ባለሥልጣን አላየሁም።

በሌላውስ ዓለም? የአሜሪካኖቹ የኮምፒዩተር ሙያ ማኅበር ኤሲኤም እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ምክር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ከልሶታል፤ የ2023 የሚባለውም አለ። ልብ በሉ፤ ምክር ነው። ዩኒቨርሲቲው እንደ አቅሙና እንደ አገሩ ጠባይ ይቀዳበታል እንጂ በሰርኩላር አይታዘዝም።

እንደ አገር ጠባይ ካልን፣ የእኛ ዝርዝር ውስጥ አንድም ቦታ ያላገኘሁት ነገር አለ፤ እኛ ራሳችን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። ተማሪው ግን «ካራክተር ማለት አንድ ባይት ነው» ተብሎ ሲ ፕላስ ፕላስ ይማራል፤ «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት ኮምፒዩተሩን ሲጠይቀው ዘጠኝ ይለዋል! ለምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። ኃይሌ፣ ሃይሌ፣ ሀይሌ፣ ኀይሌ ተብሎ የተመዘገበ አንድ ሰው በሆስፒታሉ ኮምፒዩተር ላይ አራት ሰው ይሆናል። ዓመታችን አሥራ ሦስት ወር ነው፤ ጳጉሜን አንዳንዴ አምስት አንዳንዴ ስድስት ናት። የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የዳታቤዝ ኮርሱ ምሳሌ ግን ሁሌም የፈረንጅ ስም፣ የፈረንጅ ቀን፣ የፈረንጅ አድራሻ ነው። ከዚያ ቀበሌ ሄዳችሁ «ፋይሉ ጠፍቷል» ስትባሉ ትናደዳላችሁ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ካልተማረ ጥራቱ በምን ይለካል?» የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም። ለዚሁ ነው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የመጣው። እውነቱን ለመናገር ፈተናው አንድ በጎ ነገር አድርጓል። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ ማለፋቸው ሲነገር፣ ዲግሪ እንደ ሽንኩርት የሚቸረችሩት ሱቆች ጉድ ወጣ። እሰየው! ግን ፈተናው ራሱ ምንድነው? መቶ የምርጫ ጥያቄ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ ይጸድቃል። ውጤቱን አሁን በየግቢው እያየነው ነው፤ አራተኛ ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠራበት ጊዜ የቆዩ ጥያቄዎች የሚሸመደዱበት ሆኗል።

«ተማሪው ራሱ ደካማ ሆኖ እየመጣ ነው» የሚሉም አሉ። አዎ፤ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እሱ ልጅ ከማንም በላይ ደረጃ በደረጃ የሚያስኬደው ይፈልጋል። ጎበዙማ ቅደም ተከተሉ ቢዘበራረቅም በራሱ መጽሐፍ አገላብጦ ይወጣዋል። የሚወድቀው የገበሬው ልጅ ነው፤ እናቱ ለትራንስፖርት በግ ሸጣ የላከችው።

መንግሥታችን ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ ጋር ሆኖ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» እያለ ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ ነጻ ሥልጠና ነው፤ የተማረበት ይጠቀም፣ አልቃወምም። ኢንተርኔቱንስ? በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን ተዘጋ። ከሰኔ 2012 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ድፍን ጨለማ ሆነች። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት አላየም። በእነዚያ ወራት መቀሌና ጎንደር ላይ «ዌብ ፕሮግራሚንግ» የተመዘገበ ልጅ ምኑን ተማረ?

እኔ የምጠይቀው ሰማይ አይነካም። ፕሮግራሚንግ ከአንደኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር ይጀምር፤ ለአንትሮፖሎጂ ሦስተኛ ዓመት ላይም ቦታ አለ። ሒሳቡ ከሚያስፈልገው ኮርስ አንድ ሴሚስተር ይቅደም። የትኛው ኮርስ በየትኛው ላይ እንደቆመ በአንድ ገጽ ተስሎ ተማሪው በተመዘገበበት ቀን ይሰጠው። የመውጫ ፈተናው እኩሌታ ማሽን ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ይሁን። ዲፓርትመንቱ ከዝርዝሩ የተወሰነውን በራሱ ሥልጣን ይቀይር። ቀጣዩ የካሪኩለም ክለሳ ዎርክሾፕ አዳማ ይሁን ቢሾፍቱ፣ የትኛው ሆቴል እንደሆነም ቀደም ብሎ ይነገረን፤ የሚያስተምሩ ሁለት መምህራንና አንዲት ተማሪ አውቃለሁ፣ ያለ አበል በራሳቸው ትራንስፖርት ይመጣሉ።