የቪላዋ እመቤት ያካ የላትም

ሐዋሳ ላይ የሴት ልጅ ነፃነት ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሴቶች ነው። ያስኬዳል። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ መጥተው ልብስ ሲሰፉ ከርመዋል። ደመወዛቸው ለኪራይና ለምግብ አልበቃ ብሎ አንዲት ክፍል ለብዙ ይጋራሉ። ስለ እነሱ መጮህ ተገቢ ነው።

ማንም የማያነሳት ሌላ ሴት ግን አለች። ግቢዋ ሰፊ፣ መኪናዋ አዲስ፣ እሁድ ከሰዓት ከቤተሰቧ ጋር ሐይቁ ዳር ካሉት ሪዞርቶች በአንዱ የምትታይ። እሷ "ከፍቶኛል" ብትል መልሱ አንድ ነው፦ "ደግሞ አንቺ ምን ጎደለሽ?"

እስኪ የጎደለውን እንቁጠር። የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው? የመኪናው ሊብሬስ? ንግድ ፈቃዱስ? በብዙ ባለሀብት ቤት መልሱ የአንድ ወንድ ስም ነው። እሷ የምትፈለገው ለባንክ ብድር "ነይ ፈርሚ" ለመባል ነው። ዲግሪ አላት፤ የምርቃት ፎቶዋ ሳሎን ተሰቅሏል። ሥራ ልጀምር ስትል ግን "የእገሌ ሚስት ደመወዝ ለቀማ ወጣች ልታሰኚኝ ነው?" ይመጣል። ያላገባችዋም አታመልጥም። የደሃ ልጅ ሥራ ፍለጋ ከቤት ስትወጣ "ጎበዝ" ትባላለች፤ የሀብታም ልጅ ለብቻዬ ቤት ልከራይ ስትል የአባቷን ስም እንዳጎደፈች ይቆጠራል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፣ በኋላም ካይሮ ሙዚቃ አጥንተዋል። ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል ሲያገኙ ግን ፈቃድ ተከለከሉ። በ19 ዓመታቸው ግሸን ማርያም ገቡ፤ 10 ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው ኖሩ። መጋቢት 2015 ዓ.ም ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ ዓለም በፒያኖ ሥራቸው ያውቃቸው ነበር። ትልቅ ቤት መወለዳቸው ግን ያንን ጉዞ አላስፈቀደላቸውም።

ያኔ ሕጉም አያግዝም ነበር። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ነበር። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በጋብቻ ውስጥ እኩልነትን፣ በአንቀጽ 35 ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብትን ሰጥቷታል። አሁን እጇን የያዘው ከሕጉ ይልቅ ይሉኝታ ነው። "የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም" ተብላ አድጋለች።

በዚህ ረገድ የገጠሯ የሲዳማ እናት ትሻላለች፤ ያካ አላት። ባል ሲበድላት ሴቶቹ ሲቆ በትራቸውን ይዘው፣ በመሪያቸው በቃሪቾ እየተመሩ አብረው ይወጣሉ። ጉዳዩ በሽማግሌ ታይቶ ጥፋተኛው እስኪክስ ድረስ አይለቁትም። የአንዷ በደል የሁሉም በደል ነው። የቪላዋ እመቤት ግን አጥሯ ረጅም ነው። ጓደኞቿን ልደትና መልስ ላይ ስታገኝም ወርቋን ታሳያለች እንጂ የከፋትን አታወራም።

"የጥጋብ ጥያቄ ነው" የሚል አይጠፋም። ጥጋብ አለመሆኑ ባል የሞተ ወይም ትዳር የፈረሰ ዕለት ይታያል። ያን ዕለት የባል ወንድሞች ስለ ድርጅቱ ከእሷ በላይ ያውቃሉ። እሷ የምታውቀው የፈረመችበትን ዕዳ ብቻ ነው። 20 ዓመት ሙሉ እመቤት ስትባል የኖረች ሴት ንብረቷ የት እንዳለ ለማወቅ ከፍርድ ቤት በር ትቆማለች።

ስለዚህ ባለሀብት አባቶች ለልጃቸው ድል ያለ ሠርግ ከመደገሳቸው በፊት በስሟ አንድ ነገር ያስመዝግቡላት። ባሎችም ሚስታቸውን ለፊርማ ሲጠሩ ወረቀቱን አስነብበው ይሁን። እሷም ሳታነብ አትፈርም። የእነዚህ ቤቶች ሴቶች ደግሞ ማኅበርና ዕቁብ አላቸው፤ የጎደላቸውን እዚያ መነጋገር ይጀምሩ። ያካም የተጀመረው ሴቶች ተሰብስበው "እኔም እንዳንቺው ነኝ" ሲባባሉ መሆን አለበት።