ቁራሽ ላልተገኘበት ቀን የሚሆን መርፌ

በዚህ አምድ ብዙውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ደብዳቤው የመጣው ከደቡብ ጎንደር፣ ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ነው። እኔም ነፋስ መውጫ ተምሬ 12ኛ ክፍልን የጨረስኩ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። እንደ ደብዳቤው ባለቤትም የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ መካሪ ብቻ ሳልሆን ባለጉዳይም ሆኜ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤውን አሳጠርኩት እንጂ ሐሳቡን አልነካሁትም፦

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጤና ይስጥልኝ። እኔ የድጓ ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 22 ዓመት ነው። ስኳር አለብህ ከተባልኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ደፍረስ ያለውን መድኃኒት በሲሪንጅ እወጋለሁ። ቀን ቀን አኮፋዳዬን ይዤ ለቁራሽ እወጣለሁ። ሲቀናኝ ይሞላል፣ ሳይቀናኝ ባዶውን ይመለሳል። በቀደም ወደ 6 ሰዓት ግድም ሰው ደጅ ቆሜ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ስል ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጭልም አለብኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። የቤቱ እመቤት ብርዝ አጠጥተውኝ ነፍሴ መለስ አለች። ጓደኞቼ ግን ‹ይህ የመንፈስ ነገር ነው› ብለው ጸበል አመላለሱኝ። ጸበሉስ ደግ ነው፣ ነገር ግን ደግሜ ወደቅሁ። አሁን ቤተሰቦቼ ‹ሞተህ ከምንሰማ ትምህርቱን ትተህ ና› ይሉኛል። ለምስክር የቀረኝ አንድ ዓመት ነው። አንድ ዘመዴ ደግሞ አዲስ አበባ በቀን አንዴ ብቻ የሚወጋ፣ ብዕር የሚመስል መድኃኒት አለ፣ ገዝቼ አመጣልሃለሁ አለኝ። እሱን ብወጋ ቁራሽ ባጣም አልወድቅም? ወይስ ትምህርቴን ልተው? ይምከሩኝ። ስሜ ይቆይልኝ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ እንዲገባው ያህል፣ ቤተ ልሔም የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ሰው መጨረሻ ላይ ሄዶ የሚያስመሰክርበት ቦታ ነው። እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት ደበሎ ለብሶ፣ ስንት ውሻ ተከላክሎ፣ ስንት ሌሊት ዜማ ሲቀጽል አድሮ ነው። አንድ ዓመት ሲቀረው «ትተህ ና» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለሰሚው ግን የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው። ደግሞ ቤተሰቦችህም አይፈረድባቸውም፤ ፈርተው ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ምን እንደጣለህ እንነጋገር። ደፍረስ ያለው ያልከው ኤን ፒ ኤች የሚባለው ኢንሱሊን ይመስለኛል። እሱ ከተወጋ በኋላ ኃይሉ ቀኑን ሙሉ እኩል አይሆንም። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። አሁን ጣትህን አጥፈህ ቁጠር። ጠዋት 1 ሰዓት ስትወጋ የሚበረታው ከ5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው ማለት ነው። ታዲያ አንተ በዚህ ሰዓት የት ነህ? ባዶ አኮፋዳ አንጠልጥለህ ከመንደር መንደር ትዞራለህ! መድኃኒቱ ምሳ ይጠብቃል፣ ምሳው ደግሞ ገና ሰው ቤት ነው። የማታውም ያው ነው፤ የሚበረታው አንተ ተኝተህ ወይም ማኅሌት ቆመህ ሳለህ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ላቡ፣ የዓይን መጨለሙ፣ ብርዝ ጠጥተህ መለስ ማለትህ፣ ይህ ሁሉ የስኳር መውረድ ምልክት ነው። መንፈስ ነው ብሎ የሚከራከርህ ሰው ካለ ሰዓቱን ቁጠርለት።

ደግሞ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፣ አንተን ከየት አገኘህ?» የሚሉህ አይጠፉም። እኔንም ብለውኛል። ይህ ወሬ ስህተት ነው። የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከገጠር የሚመጡት ኢንሱሊን ፈላጊ ሕመምተኞች በአብዛኛው ከሲታ፣ ድሃና ወንዶች መሆናቸውን ጽፈው፣ በልጅነት ከሚደርስ የምግብ እጥረት ጋር ሊገናኝ ይችላል ብለው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር በ1985 እ.ኤ.አ. በዓይነት ለይቶት፣ በ1999 ደግሞ ከመዝገቡ አውጥቶት ነበር። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ እንደገና ዕውቅና ሰጠው። ያንተ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚለየው ሐኪምህ ነው። እኔ ለማለት የፈለግሁት፣ እንደኛ ባለ ስንት ክፉ ቀን ባየ አገር የተወለደ ሰው ስኳር ያዘኝ ብሎ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ብዕሩ እንምጣ። ስሙ ብዕር ይባል እንጂ አንተ ከምታውቀው የመቃ ብዕር ጋር የሚያገናኘው ቅርጹ ብቻ ነው። ውስጡ ኢንሱሊን አለ፤ ጫፉ ላይ አጭር መርፌ ይገጠማል፤ ከኋላ ቁጥሩን አዙረህ መጠኑን ትሞላለህ፣ ትጫናለህ። በብዛት የሚታወቀው ግላርጂን የሚባለው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደ መድኃኒት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያሉትን ረጅም ጊዜ የሚሠሩ ኢንሱሊኖች በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ልዩነቱ አንድ ቀን ያህል ብዙም ሳይበረታ፣ ብዙም ሳይደክም በዝግታ መሥራቱ ነው። ስለዚህ በተለይ ሌሊት ላይ ስኳር የመውረዱን አደጋ ከኤን ፒ ኤች ይልቅ ይቀንሳል። ልብ በል፣ ይቀንሳል አልኩ እንጂ ያጠፋል አላልኩም። መጠኑ ከበዛ እሱም ይጥላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። እኔ ብዕሩን የጀመርኩ ሰሞን በቀን አንዴ መሆኑን ስሰማ በሽታው ራሱ ግማሽ የሆነ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሆዴን አመመኝና ምግብ አልወርድልህ አለኝ። «ካልበላሁ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ መወጋቱን ተውኩ። የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን ውኃ ጥሙ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሲያስመልሰኝና ትንፋሼ ቁና ቁና ሲል ጎረቤቶቼ ተሸክመው ሆስፒታል ጣሉኝ። ያከመችኝ ሐኪም የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ባትበላም ጉበትህ ስኳር ያመርታል። ይህ መርፌ ለምግቡ ሳይሆን ለዚያ ነው» አለችኝ።

ወንድሜ፣ የደብዳቤህም መልስ እዚህች ቃል ውስጥ ነው ያለው። ኢንሱሊን ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሰው ስለሚኖር ብቻ የሚያስፈልገው ነው፤ ሁለተኛው ስለሚበላ የሚያስፈልገው ነው። ብዕሩ የመጀመሪያውን ይሠራል። ስለዚህ ቁራሽ ተገኘም አልተገኘም በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይወጋል። ለምግቡ ደግሞ፣ በተለይ አንደኛው ዓይነት ስኳር ላለበት ሰው፣ ቶሎ የሚሠራ ሌላ ኢንሱሊን ምግቡ ሲገኝ ይጨመራል። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ እንጀራውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አንተ መድኃኒቱን ለማብላት እንጀራ ፍለጋ አትሮጥም። ለቆሎ ተማሪ የሚስማማውም ይህ ይመስለኛል። ብዕሩ ብቻውን ይበቃሃል ብሎ የሚነግርህን ግን ሐኪም ካልሆነ አትስማው።

አሁን ዘመድህን። እግዜር ይስጠው፣ ግን አንድ ብዕር ይዞ መጥቶ ከሄደ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። አንዱ ብዕር በአብዛኛው 300 ዩኒት ይይዛል። ለምሳሌ ያህል በቀን 12 ዩኒት የታዘዘለት ሰው፣ ከመወጋቱ በፊት መርፌውን ለመፈተሽ የሚያፈሰው 2 ዩኒት ሲደመር በቀን 14 ይሆናል፤ ብዕሩ ከ21 ቀን አያልፍም። ከዚያስ? መድኃኒቱ በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝም፣ ዋጋውም ከጠርሙሱ ይበልጣል። የወረታ ወልድያ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ አይታመንም፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ አንተ ከኔ ታውቃለህ። ስለዚህ «በየወሩ ትችላለህ?» ብለህ ጠይቀው። ካልቻለ በጠርሙሱ መቆየት ይሻልሃል። ጠርሙሱ መናኛ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪምህ ቁራሽ የምትወጣበትን ሰዓት ካወቀ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክልልሃል። ለሐኪሙ የለማኝ ኑሮዬን አልነግርም ብለህ እንዳታፍር! እኔ የምፈራው እሱን ነው።

ከቻለ ደግሞ እነዚህን ያዝ፦

ብዕሩን በራስህ አትጀምር። የድሮው ሁለት መርፌ ተደምሮ አይገለበጥም፤ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከድምሩ ቀነስ አድርገው ነው የሚጀምሩት።

መድኃኒቱ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ከደፈረሰ ጣለው። ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ ሲሪንጅ አትቀላቅለው።

ሰዓቱን ከማትረሳው ነገር ጋር እሰረው። እኔ ከማታ ዜና ጋር አስሬዋለሁ፤ አንተ ከሠርክ ጸሎት ጋር እሰረው። ተጭነህ ስትጨርስ እስከ አሥር ቆጥረህ መርፌውን አውጣ። ሆድህንና ጭንህን እያፈራረቅህ ተወጋ።

መርፌው በየጊዜው ይለወጣል። ብዕሩን ግን ለማንም አታውስ፣ መርፌው ቢለወጥም እንኳ። ጎጆ ውስጥ ሁሉ የጋራ ነው፣ አውቃለሁ። ይህ ግን ደም ወለድ በሽታ ያስተላልፋል።

የተከፈተው ብዕር ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ 28 ቀን ይቆያል። ነፋስ መውጫ ለብርዱ ይበቃል፤ ወደ ቆላ ስትወርድ ግን እርጥብ አሸዋ ያለበት የሸክላ ገንቦ ውስጥ በፌስታል ጠቅልለህ አኑረው። ምድጃ አጠገብና ፀሐይ ላይ አታስቀምጠው። ያልተከፈተውን ፍሪጅ ያለው ጤና ጣቢያ እንዲያስቀምጥልህ ለምን። በረዶ የነካውን አትጠቀምበት።

ስለ ጾም የንስሐ አባትህንም ሐኪምህንም በአንድነት አማክር። እኔ የንስሐ አባቴን ፈርቼ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሕመምተኛ አይገደድም» ነው ያሉኝ።

በመጨረሻ፣ ብቻህን አትሁን። ዛሬውኑ ለየኔታና ለጎጆ ጓደኞችህ ተናገር። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ነገር መዘባረቅ ሲያዩብህ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡህ፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለህ ይድገሙህ፤ ከዚያ የሚበላ ይስጡህ። ራስህን ከሳትክ ግን አፍህ ውስጥ ምንም እንዳይጨምሩ፤ በጎን አስተኝተው ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ። በአኮፋዳህ ሥር ምንጊዜም ትንሽ ስኳር ቋጥረህ ያዝ። እሷን ለማንም አታካፍል፣ ለራስህም ሳታመም አትንካት።

እና ትምህርትህን ልተው ወይ ላልከኝ፣ እኔ አትተው ነው የምለው። መጀመሪያ ግን ሆስፒታል ሂድና ለሐኪምህ ስለ ኑሮህ ሳትደብቅ ንገረው። ከዚያ የኔታን አማላጅ አድርገህ ወደ ቤተሰቦችህ ላክ፤ የሚፈሩት የማያውቁትን ነው። ስትመሰከር ደግሞ አንድ ደብዳቤ እጠብቃለሁ።

አንባብያን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ተለመደው ጨዋታችን እንመለሳለን። እስከዚያው ደጃችሁ ቆሞ «በእንተ ስማ» የሚል ተማሪ ላብ ላብ ሲለው ካያችሁ፣ ከቁራሹ በፊት ብርዝ ስጡት። ቸር ሰንብቱ!