ለመካፈል የተመቸ ቁጥር

ብዙ ሰው ትልቅ ቁጥር ባየ ጊዜ ብዛቱን ብቻ ይመለከታል እንጂ ጠባዩን አይመረምርም። ነገር ግን ከቁጥር ወገን አንዱ ለመካፈል እሺ ይላል፥ ሌላው እምቢ ይላል። ይህን መለየት ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ 5040 ጥቂት እንጽፋለን።

ከ1 ጀምሮ እስከ 7 ያሉትን ቁጥሮች በየተራ ብናባዛቸው 5040 ይሆናል። ዳግመኛም 7ን በ8፥ ያንንም በ9፥ ያንንም በ10 ብናባዛ ያው 5040 ይወጣል። ስለዚህ ከ1 እስከ 10 ላሉት ሁሉ፥ ለ12ም ጭምር፥ ያለ አንዳች ትርፍ ይካፈላል። አካፋዮቹ በጠቅላላው 60 ናቸው፤ ከእርሱ በታች ካሉትም ቁጥሮች ይህን ያህል አካፋይ ያለው አንድ ስንኳ አይገኝም። ህንዳዊው የቁጥር ሊቅ ራማኑጃን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 ዓመት እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች መርምሮ ጽፏል። 5000 ለዓይን የሞላ መስሎ ይታያል፤ አካፋዮቹ ግን 20 ብቻ ናቸው። 5000 ብር ለ7 ወራሾች ቢካፈል ለያንዳንዳቸው 714 ብር ደርሶ 2 ብር ይተርፋል፤ 5040 ብር ቢሆን ግን ለያንዳንዳቸው 720 ብር ይደርስና ሒሳቡ ያልቃል።

የግሪክ ፈላስፋ አፍላጦን ከጌታችን ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት «ሕግጋት» በተባለው መጽሐፉ፥ በቀርጤስ ደሴት ትመሠረታለች ብሎ ላሰባት ከተማ የባለ ርስቶቹ ቁጥር 5040 ይሁን ያለው ስለዚሁ ነው። ሕዝቡ በ12 ነገድ ሲከፈል ለያንዳንዱ ነገድ 420 ቤት ይደርሳል፤ ይህም ቁጥር ለጦርነትም ለሰላምም፥ ለውልም ለግብርም የተመቸ ነው አለ። እስከ 12 ካሉት 11 ብቻ እምቢ ይላል፤ የዚህም መድኃኒቱ ሁለት ቤት ማጉደል ነው፤ 5038 ለ11 ሲካፈል 458 ይደርሳልና።

ይሁን እንጂ አፍላጦን ርስቱ በልጆች መካከል እንዳይቈራረስ ፈራ። ስለዚህ አባት ከወንዶች ልጆቹ አንዱን ብቻ ወራሽ ያድርግ፥ ሴቶቹ ይዳሩ፥ የቀሩትም ወንዶች ልጅ ለሌላቸው ሰዎች ልጅ ይሁኑ ብሎ ደነገገ። እነሆ፥ ለመካፈል ከሁሉ የተመቸውን ቁጥር የመረጠ ሰው፥ የአንዱ ቤት ርስት እንዲካፈል ግን አልፈቀደም።

እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ሆነን ብዙ የውርስ ክርክር ጽፈናል። ወንድማማች የሚካሰሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተረፈችው 2 ብር አይደለም፤ የወንዝ ዳሩ መሬት ከጭንጫው፥ የምትታለበውም ላም ከነጠፈችው ጋራ እኩል ስትቈጠር ነው። ቁጥር ብዛትን እንጂ ዋጋን አያውቅም። ስለዚህ የቤተ ሰብ አባት የሆነ ሰው ጤናውና አእምሮው ሳለ ንብረቱን በየዓይነቱ አስገምቶ፥ ልጆቹንም ሰብስቦ አሳባቸውን ሰምቶ፥ ፈቃዱን በምስክር ፊት በጽሕፈት ያኑር። ግምቱ በቅን ከተፈጸመ በኋላ ድርሻውን ማስላት ለተማሪ ልጅ እንኳ አይከብድም።

ልጆችም በዕረፍታቸው ቀን 60ውን አካፋዮች ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ይፈልጓቸው። 1 ከ5040፥ 2 ከ2520 ጋራ ይገጥማል፤ እንዲህ እያሉ 70 ከ72 ጋራ ሲገጥም 30ው ጥንድ ይፈጸማል።