ረዥም ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ሰው ስለሚስማማው የጽሕፈት ፕሮግራም

ጎሬ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ የጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ ስለ ነበረች፣ በመቱም ሆነ በጎሬ የአባቶቹን ታሪክ ለልጆቹ ጽፎ ለማቈየት የሚያስብ የቤተ ሰብ አለቃ የሚጽፈው አያጣም። ነገር ግን ጽሑፉ ሁለት መቶ ገጽ ከደረሰ በኋላ ፕሮግራሙ የማይረባ ሆኖ ቢገኝ ድካሙ እጥፍ ይሆናል።

የጥንት ጸሓፊዎቻችን የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፉ ሥርዐቱን በልባቸው ይዘው ነበር፤ ዛሬ ይህን የሚይዘው በኮምፒውተር ስታይል የሚባለው ነው። አርእስቱን ሁሉ እየዞሩ በእጅ ማድመቅ ከንቱ ልፋት ነው። የምዕራፉ አርእስት በስታይል የተጻፈ እንደ ሆነ ግን፣ ስታይሉን አንድ ጊዜ ቢለውጡት በየምዕራፉ ሁሉ ይለወጣል፤ ማውጫውንም ፕሮግራሙ ያወጣዋል።

ስለዚህ አስቀድሞ ዐሥር ገጽ ጽፎ፣ ስታይሉን ለውጦ፣ በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ መፈተን ይገባል። ማይክሮሶፍት ወርድ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ዋጋ ግን ይከፈልበታል። ሊብሬኦፊስ ራይተር ያለ ዋጋ ይገኛል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በአንዱ የተጀመረውን በሌላው እየከፈቱ መመላለስ ግን ስታይሉን ሊያዛባ ይችላል።

ፊደሉም የዩኒኮድ ይሁን። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩት ፊደሎች የተጻፈ ፋይል ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ፋይል በቤቱ ያለው ሰው ወደ ዩኒኮድ አስለውጦ ሥራውን ይጀምር።