እግረኛውስ ትራፊክ አይደለም ወይ?

«ትራፊኩ ተጨናነቀ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መኪና ቆመ ማለት ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም በራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚጎርፈው ሰው ትከሻ ለትከሻ ቢጋፋ ግን መጨናነቅ አይባልም። እሱማ ሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ደግሞ ድሮም ይጋፋል!

ጠባችን ከዚህ ቃል ይጀምራል። በአዲስ አበባ በየቀኑ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በመንገድ አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። እንግዲህ ብዙ የሚሄደው እሱ፣ ብዙ የሚሞተው እሱ፣ ሲቆጠር የማይቆጠረው እሱ! መንገድ ሲታቀድ «በሰዓት ስንት መኪና ያሳልፋል?» ይባላል እንጂ «ስንት ሰው ያሳልፋል?» ሲባል አንሰማም። ቢባልማ ጉድ ይፈላ ነበር። ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአስፋልት መስመር ለቤት መኪና ሲሰጥ በሰዓት ቢበዛ 1,600 ሰው ያህል ያሳልፋል፤ ያንኑ ለእግረኛ ቢለቁለት ከ8,000 ሰው በላይ ሊያልፍበት ይችላል።

አደጋ በደረሰ ቁጥር የምንሰማው ስብከት አንድ ነው፦ «እግረኛዋ ግራ ቀኟን ሳታይ ገባች»። ኧረ ለመሆኑ ሾፌሩስ በስንት ይነዳ ነበር? በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ ልጅ ስትገባበት አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንዲት ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ከ13 እስከ 14 ሜትር ሄዶ ቀጥ ይላል። በ50 የሚመጣው ግን በዚያችው አንዲት ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይበላል። ልብ በሉ! የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ባደረበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬኑን አልረገጠም፤ በሙሉ ፍጥነቱ ነው የሚደርስባት። ልጅቷ ያችው ልጅ፣ ቸልተኝነቷም ያው ቸልተኝነት ነው። አንደኛው አስደንግጦ ወደ እናቷ ይሰዳታል፣ ሁለተኛው ይቀብራታል። ታዲያ ጥፋተኛዋ እሷ ናት?

መድኃኒቱ ምን ሆነ ቢሉ፣ እግረኛውን ከመንገዱ ማራቅ! በቀለበት መንገድ ላይ ድልድይ ተሰቀለለት። አምስት ሜትር ሽቅብ ማለት ሠላሳ ደረጃ ወጥቶ ሠላሳ መውረድ ነው፤ ልጅ ያዘለች እናት፣ በክራንች የሚሄድ ሰው እንዴት አድርገው? አጥሩን የሚዘለው ሰው እብድ አይደለም፣ ሒሳቡን ሠርቶ ነው። በአራት ኪሎ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ተሠራለት። ያምራል፣ አንክድም፤ ከዝናብም ያስጠልላል። ግን ሞተር ያለው ሜዳውን ይዞ፣ በእግሩ የሚሄደው ስለ ምን ይወጣል፣ ስለ ምንስ ይወርዳል?

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው ይኸው የኮሪደር ሥራ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛውን መንገድ ማስፋቱ እውነት ነው። ጭቃና ጉድጓድ ሲዘል የኖረ እግር ይመሰክራል። ነገር ግን እግረኛ ዳር ዳሩን ብቻ አይኖርም፣ መሻገር አለበት። አስፋልቱ በሰፋና በለሰለሰ ቁጥር የሾፌሩ እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል። 20 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ እኛ ወጣቶቹ በ17 ሰከንድ እንሻገር ይሆናል፤ አንዲት አሮጊት ግን 25 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። መብራቱ በእኛ እግር ከተለካ እሳቸው ስምንት ሰከንድ በመኪና መካከል ይቆማሉ ማለት ነው።

ደግሞም በዚያው ዓመት ከዶሮ ማነቂያ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር የሄደውን ሰው አስቡት። ፒያሳ አድሮ ፒያሳ በእግሩ ሥራ ይገባ ነበር፤ አሁን ሥራው እዚያው ከሆነ ተሳፍሮ መምጣቱ ነው። ትናንት መጨናነቅ ያልነበረ ሰው ዛሬ መጨናነቅ ሆነ። «ኤሌክትሪክ መኪና ያመጣነው ለዚህ ነው» የሚሉም አሉ። ጭሱን ያስቀር ይሆናል፣ የሚይዘውን ቦታ ግን በአንድ ስንዝር አይቀንስም፤ ሲገጭም ያው ብረት ነው።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንድ እሑድ መኪና ከዋና ዋና መንገዶች ሲታገድ ከተማዋ አልሞተችም። ሰው አስፋልቱ ላይ ሮጠ፣ ተዝናና። ስሙን እንወደዋለን፤ ሰው ግን ሰኞም ይሻገራል።

እንግዲህ አምስት ኪሎ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ ፕላኑን የምትስሉት እናንተ ናችሁና እንነግራችኋለን። ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ከ30 በላይ አይነዳ። ዜብራው ከእግረኛው መንገድ እኩል ከፍ ይበል፣ መኪናው ይውጣ ይውረድ! በሰፊው መንገድ መካከል ማረፊያ ይሠራ። አውቶቡስ ከቤት መኪና ይቅደም።

«መኪናው ይዘገያል» ትሉን ይሆናል። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል መንገድ በ50 ሦስት ደቂቃ፣ በ30 አምስት ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ! ያችንም ባለ መኪናው ፒያሳ ሲደርስ ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር ይጨርሳታል።