ስለ 1928ቱ ስደት የሚሰጠው ፍርድ

የአትክልት ተራ ገበያ በ2012 ዓ.ም. ከስፍራው ቢነሣም፥ በአጠገቡ የቆመው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አንድ የቆየ ክርክር ለአላፊ አግዳሚው ማሳሰቡን አልተወም። ጳጳሱ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ለጠላት አልገዛም ብለው በጥይት ተገደሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን ሦስት ወር ያህል ቀደም ብለው፥ ሚያዝያ 24 ቀን፥ በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተው ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ሁለቱን እያስተያየ፥ ጳጳሱ ሞቱ፥ ንጉሡ ሸሹ ይላል።

ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚፈረድ አይደለም። በመጋቢት ጦሩ በማይጨው ከተሰበረ በኋላ በመኳንንቱ ዘንድ ሁለት ሐሳብ ተነሣ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሰሉት በአገር ውስጥ ሆኖ መዋጋት ይገባል ሲሉ፥ የሚበዙት በዠኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ማለት ይሻላል አሉ። ማኅበሩ አቤቱታውን ከሰማ በኋላ በኢጣልያ ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ አነሣ፤ ያን ጊዜ ስደቱ ከንቱ መሰለ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋራ ጦርነት ስትገጥም ግን ያው ስደት ብልኅነት ተባለ።

ጽኑው ቅሬታ የመነጨው ከድል በኋላ ከተደረገው ነው። በዱር በገደል አምስት ዓመት የቆየው ዐርበኛ፥ ከስደት የተመለሰው፥ ይባስ ብሎም ለጠላት ያደረው፥ ሹመት ሲቀበል አየ። በጎጃም የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መቀጣታቸውም፥ ክሱ ምንም ይሁን ምን፥ «ለምን ሄዱ» የሚለውን ጥያቄ አባሰው።